ነጠላ የሌላት ሴትዮ

አክስቴ ስትሞት ቤቷን ለወንድሟ ለአባቴ፣ ላሟን ለደብሩ፣ አንዲት ብር ደግሞ ለእኔ ተናዘዘች። ኑዛዜውን የሰሙት ለቀስተኞች በሐዘኔታ አዩኝ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ፣ በመጨረሻም ያስታመምኳት እኔ፤ የደረሰኝ ግን አንዲት ብር። አባቴ እንኳ አፍሮ "ቤቱ ያው የጋራችን ነው" አለኝ። እኔ አልተከፋሁም፤ ብሯን አውቃታለሁና። መከራዬን ያሳየችኝ በኋላ ነው፣ ልሽጣት ወይስ ላቆያት እያልኩ ስብሰለሰል።

ብር ስል የወረቀቱን ማለቴ አይደለም፤ ጠገራ ብር የሚባለውን፣ የባሕር ማዶ ንግሥት መልክ የተቀረጸበትን ጥሬ ብር ነው። በሃምሳዎቹ ዓመታት ጠገራ መገበያያ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ከተሜው አሰበ ተፈሪ፣ ገበያተኛው ጭሮ በሚላት ከተማችን ጠገራ የሚፈልጉት ብር ሠሪዎችና ልጅ የሚድሩ ገበሬዎች ነበሩ። ሙሽሮቹ በሰንሰለት ደርድረው አንገታቸው ላይ ያደርጉታል፤ በገበያ ቀን ገና ሳይታዩ ይሰማሉ።

ጣልያን ከመግባቱ በፊት ግን ንግዱ ሁሉ በጠገራ ነበር አሉ። ያገራችን ነጋዴ ደግሞ ብር ሲቀበል ለልጁ ሚስት የሚመርጥ ይመስል ነበር። አገላብጦ ያያል፣ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ያዳምጣል፣ የንግሥቲቱን የራስ ጌጥ ፈርጦች በጥፍሩ ይቆጥራል፣ ከራሷ እስከ ትከሻዋ የወረደው ነጠላ መኖሩን ያረጋግጣል። ከዚህ አንዱ ከጎደለ፣ ብሩ የቱንም ያህል የጠራ ቢሆን አይነካውም።

የአክስቴ ባል ቡና ነጋዴ ነበር። አንድ ቀን ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ቡናውን አስረክቦ ብሩን ሲቀበል ባቡሩ ጮኸና ሁሉም ተጣደፈ፤ እሱም ሳይመረምር ወደ ከረጢቱ ዘረገፈው። ቤቱ ገብቶ ሲቆጥር አንዷ ሴትዮ ነጠላ የላትም። ፀጉሯ ወደ ኋላ ተይዟል፣ አንገቷ ባዶ ነው፣ ፊቷም ገና የወጣት ፊት ነው። ሂርና ወሰዳት፣ በዴሳ ወሰዳት፣ ገለምሶ ወሰዳት፤ "ይቺ ሌላ ሴት ናት" እያሉ መለሱለት። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለችው አክስቴ። ይህንን ተረት እስኪሞት ድረስ ስትደግምለት ኖረች፤ ሰውዬው ታጋሽ ነበር።

ብሯ ሙዳይ ውስጥ ተኝታ ኖረች። ታሪኳ የተለወጠው አጥር የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ሲወልዱ ነው። እኚህ ሴት የመሰላ አገር ኦሮሞ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ አዴ ይላቸዋል፣ እናት እንደማለት ነው። የተወለደው ልጃቸው እምብርቱ ሎሚ አክሎ ተነፋ። በእኛ አገር እንዲህ ሲሆን ጠገራ ብር በባዘቶ ጠቅልሎ እምብርቱ ላይ ማድረግና በጨርቅ ማሰር ነው። አዴ ጠገራ ሊበደሩ መጡ። አክስቴ ቋጣሪ ባትሆንም ደግ ብሯን ሽንት ላይ አታውልም፤ ያቺን ገበያ የናቃትን አውጥታ ሰጠቻቸው። የልጁ እምብርት ገባ።

አዴ ብሯን ሲመልሱ ቅቤ በቅጠል ይዘው መጡ፤ ይዘው የመጡት ግን ቅቤ ብቻ አልነበረም። ብሯን ሲያገላብጧት ሰንብተው ነበር።

"ልብ በይ" አሏት አክስቴን። "የገበያዋ ሴትዮ ራሷን ተከናንባለች። ባል ሞቶባታል፤ ሐዘን ላይ ናት። ይቺኛዋ ነጠላ የላትም። ሐዘን አላየችም። አቦ፣ ለጨቅላ የምትሆነው ይቺ ናት። ሐዘንተኛ እንዴት ሕፃን ላይ ይታሰራል?"

አለቀ። ነጋዴ ሁሉ እንከን ብሎ የመለሰውን ነገር አዴ በአንድ ጠዋት ማዕረግ አደረጉት። ከዚያ በኋላ በከተማው እምብርቱ ለተነፋ ሕፃን ሁሉ ሌላ ጠገራ ቢያቀርቡለት እናቲቱ አትቀበልም፤ ነጠላ የሌላት ካልሆነች። እስላሙም ክርስቲያኑም መጣ። ከሸዋና ከጎጃም ተዛውረው የመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ሚስቶች መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ሲወልዱ ግን የአክስቴን ደጅ ጠይቀው ያገኙታል። ወጉም በዚያው ጸና፦ እምብርቱ ሳይገባ ብሯ አትፈታም፣ ከፈቷት ይመለሳል ይባላል፤ ስትመለስም በባዶ እጅ አትመለስም።

የአክስቴ ባል ሲሞት አክስቴ ከል ለበሰችና ብሯን መንካት ተወች። "እኔ ሐዘንተኛ ሆኛለሁ፤ አንቺ እሰሪ" አለችኝ። እኔ ገና ኮረዳ ነበርኩ። ሕፃኑ ሲያለቅስ እንደማይታሰር፣ ጡት ተሰጥቶት ዝም ሲል በአውራ ጣት ቀስ አድርጎ መግፋት እንደሆነ፣ መቀነቱም ጣት የሚያስገባ ያህል መላላት እንዳለበት ያስተማረችኝ በሩ ላይ ቆማ፣ ከሩቅ እየተቆጣች ነው። የስንቱ ባለሥልጣን ልጅ እንደሸናብኝ ባወራ ዛሬ ብዙ ትልልቅ ሰው ያፍራል።

እንግዲህ የወረስኳት ብር ይቺ ናት። ስወርሳት ሥራዬ ገበያው ዳር በረንዳ ላይ ከሚሠራ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ነበር። እሱ በመኪና ይሰፋል፤ እኔ በእጅ እዘመዝማለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ። መኪናዋን አያስነካኝም። "ሴት ቸኩላ መርፌ ትሰብራለች" ይላል፤ እሱ ራሱ የሰበረው መርፌ አፌ ላይ ይመጣና እውጠዋለሁ። ምሳ ሊበላ ሲሄድ ወንበሩ ላይ ቁጭ እልና እግሬን መርገጫው ላይ አሳርፋለሁ፤ አልረግጠውም፤ አሳርፈዋለሁ ብቻ። የራሴ መኪና ቢኖረኝ የራሴ በረንዳ ይኖረኝ ነበር። በዚያ ዕድሜ እኩዮቼ ባል ይመኛሉ፤ እኔ የልብስ ስፌት መኪና እመኝ ነበር። አባቴ ይህን ሲሰማ "መኪና ልጅ አይወልድ" ይለኛል። እኔ ደግሞ "ባልም ልብስ አይሰፋ" እለዋለሁ፤ ፍቅራችን እንዲህ ነበር።

ሰፊው አንድ ቀን ሚኤሶ ላከኝ። ጣቢያው አጠገብ ቡፌ የሚሉት የመንገደኛ ምግብ ቤት ያላቸው አንድ ሽማግሌ ግሪክ ነበሩ፤ ሰው ሁሉ በፈረንሳይኛው ሙሴ፣ ጌታው እንደማለት፣ ይላቸዋል። ለመስኮቶቻቸው መጋረጃ ማሰፋት ፈልገው መስኮቱን ልለካ ነው የሄድኩት። ስለካ ጥግ ላይ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ነገር አየሁ፤ ከጨርቁ ሥር የስፌት መኪና እግር ብቅ ብሏል። የሟች ሚስታቸው መኪና ነበረች። ዓይኔን በግድ ከዚያ ስነቅለው ጠረጴዛቸው ላይ አረፈ። በመስተዋት ሥር የልዩ ልዩ አገር አሮጌ ገንዘብ ደርድረዋል፤ ከመሀሉ ጠገራችን አለች፣ ነጠላዋን እንደተከናነበች።

ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። "እኛ ቤት ነጠላ የሌላት አለች" አልኳቸው።

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። "ምን የሌላት?"

ነገርኳቸው። ተነሥተው አንድ ወፍራም መጽሐፍ አመጡና ሥዕል አሳዩኝ፤ እሷው ናት። ፀጉሯ፣ አንገቷ፣ ያ ነገር ሁሉ የተሟላለት ፊቷ። ሙሴ ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አደረጉ።

"ሌላዋ በየአንገቱ አለች" አሉኝ። "ይቺ ግን በዚህ አገር የለችም እላለሁ። ከወጣትነቴ ጀምሮ ስፈልጋት ነበር።" ከዚያ የኔን ዓይን ተከትለው ወደ ጥጉ ተመለከቱ፤ ሽማግሌው ሞኝ አልነበሩም። "አምጪያትና መኪናዋን ውሰጂ።"

ወደ አሰበ ተፈሪ ዳገቱን የወጣሁት በጭነት መኪና ላይ ነው፤ በእግሬ የሮጥኩት ግን ይመስለኝ ነበር። ቤት እንደደረስኩ ሙዳዩን ከፈትኩ፤ ባዶ ነው። ለካ ብሯን ባለፈው ሳምንት ለአንድ ፖሊስ ልጅ ያሰርኳት ራሴ ነኝ። ይሁን፣ እምብርቱ እስኪገባ ልጠብቅ አልኩ። ገባ፣ መጣች። በዚያው ዕለት አንዲት አስተማሪ ጨቅላዋን ታቅፋ ደጃፌ ቆመች። ልጁ አለቀሰ፣ እሷም አብራ አለቀሰች፤ እኔ ምን ላድርግ? ይቺን አንድ ልሰር፣ ከዚያ እሸጣለሁ አልኩ። ከአስተማሪዋ በኋላ ሌላ መጣች፣ ከሌላዋ በኋላ ሌላ። ያን ዓመት የአሰበ ተፈሪ ሴቶች እኔን ለማስቸገር የተማከሩ ይመስል ይወልዱ ነበር።

ምክር ጠየቅሁ፤ ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር። ሰፊው መጀመሪያ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ ፈላጊ ሳለ ሽጪ" አለኝ። ዋጋዋ የስፌት መኪና መሆኑን ስነግረው መቀሱን አስቀመጠና "የአክስት አደራ አይሸጥም፣ ኃጢአት ነው" አለ። እስከዚያን ቀን ድረስ እንዲህ መንፈሳዊ ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ድሬሰሩን፣ የሐኪሙን ረዳት፣ ጠየቅሁት። "ታሰረም አልታሰረም፣ አብዛኛው ልጁ ሲያድግ በራሱ ይገባል" አለኝ። ደስ አለኝ። የዓመታት ሥራዬ ከንቱ ነው ሲባል ደስ ያለኝ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሮጬ ለአዴ ነገርኳቸው።

አዴ አጥሩ ላይ ተደግፈው ጫታቸውን ይዘዋል። "እውነቱን ነው ይሆናል" አሉ። "ግን ሚስቱ በጓሮ በር መጥታ ልጇን ያሳሰረችሽ ለምንድን ነው?"

"አዴ፣ እርስዎ ብሸጣት ይቀየሙኛል?"

"ወላሂ አልቀየምሽም። ያንቺ ናት፣ ማን ይከስሻል? ዝም ብዬ አይሻለሁ እንጂ።"

አዴ ዝም ብለው ሲያዩ ያላየ ክስ ምን እንደሆነ አያውቅም።

እንዲህ ስወዛወዝ ክረምቱ አለፈ። መስከረም ላይ ከሚኤሶ የሚመጣ አንድ ሹፌር በረንዳው ፊት አቆመና ከመኪናው ሳይወርድ መልእክት ነገረኝ። ሙሴ ቡፌውን ሸጠዋል፤ በመጪው ቅዳሜ ባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ ወደ አገራቸው ሊሄዱ ነው። ብሯን ካላመጣሽ መኪናዋን ለሌላ ሰው እተዋታለሁ ብለዋል።

ብሯ በዚያን ሳምንት የት እንደነበረች ልንገራችሁ። ያሰርኳት ለሂርና ጫት ነጋዴ ልጅ ነበር። መርፌዬን ጥዬ ሂርና ሄድኩ። ነጋዴዋ እግሬን ልታጥበኝ ምንም አልቀራትም፤ የልጇ እምብርት ገብቶ ድኗል። ብሯ ግን የለችም። መሰላ ያለችው የወንድሟ ሚስት ስትወልድ ሳታስፈቅደኝ ልካላታለች። "ያው ለሕፃን አይደል?" አለችኝ፤ እኔም እንዴት እንደምቆጣ ጠፋኝ። ወደ መሰላ በሚሄድ መኪና ተሳፈርኩ፤ መኪናው ከተወኝ በኋላ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ፤ መንገዱን ሙሉ ብቻዬን ስነጫነጭ ነበር። የራሴን ብር ከሰው ልጅ ሆድ ላይ ልለምን ነው? ለምን እለምናለሁ? አምጪ እላታለሁ እንጂ። እምቢ ብትል የምመልሰውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

ሴትየዋ በእኔ ዕድሜ ነበረች፤ አማርኛዋ ትንሽ፣ የኔም ኦሮምኛ ከእሷ አማርኛ ብዙ አይበልጥም፤ ግን ተግባባን። ማን እንደሆንኩና ለምን እንደመጣሁ ነገርኳት።  ልጁን ከመደቡ ላይ አነሣች፣ ጡት ሰጠችው፣ ዝም ሲል መቀነቱን ፈታችና ብሯን ከነባዘቶዋ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ብሯ ሙቅ ነበረች። የልጁ እምብርት ገባ ማለት ጀምሯል፤ ገና ነው ግን።

"ሌላ ጠገራ ልፈልግልሽ" አልኳት።

የአንገቷን ጌጥ አሳየችኝ። የተደረደሩት ጠገራዎች ሁሉ ነጠላ ለብሰዋል። "ይህ አለኝ" አለች። ከዚያ "ሀቅሽ ነው" አለችኝ፣ ያንቺ ንብረት ነው ማለቷ ነው። ለጠብ ተዘጋጅቼ ሄጄ ጠብ አጣሁ። ብሯን ይዤ ወጣሁ።

በማግስቱ ሚኤሶ ነበርኩ። ሙሴ መኪናዋን ገልጠዋታል፤ ዘይት ጠጥታ ታበራለች። ብሯን በማጉያ መስተዋት አገላብጠው አዩ። "ምንም አልተጫረችም" አሉ። "ከረጢት ውስጥ አልተንገላታችም። የት ነበር የተቀመጠችው?"

"ሕፃናት ሆድ ላይ።"

የእምብርቱን ነገርና ሴቶቹ ሐዘን አላየችም የሚሉትን ስነግራቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እስኪያበቁ ድረስ እኔ መኪናዋ ላይ ተቀመጥኩና ከኮሮጆዬ ቁራጭ ጨርቅ አውጥቼ ረገጥኳት። መርፌዋ እንዴት እንደሄደች! ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ድምፁም ለስላሳ። በገዛ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ታየኝ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ደቂቃ የመሰላው ልጅም አዴም ከሐሳቤ ጠፍተው ነበር።

ሙሴ ግን ወሬ ይወዱ ነበር፤ የጎዳቸውም ይኸው ነው። "ሴቶቹ ያሉት ልክ ነው" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። "ይቺ የተሠራችው ባሏ በሕይወት ሳለ ነው። እሱ ሲሞት ተከናነበች፤ እስክትሞት አልገለጠችውም። ገንዘቡም ላይ እንደዚያው ተከናንባ ተቀረጸች።" መርገጫውን አቆምኩ። "ደግሞ" አሉ፣ "ለልጅ መሆኗም ልክ ነው። አስራ ስድስት ወልዳለች።"

"አስራ ስድስት?"

"አስራ ስድስት። ንግሥት ሆና፣ አገር እየገዛች።"

እኔም ሳቅ ያዘኝ። አዴ አጥራቸውን ተደግፈው ያሉትን አሰብኩ። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ምን እንደሚሆን አሰብኩ። የፖሊሱ ሚስት፣ አስተማሪዋ፣ የሂርናዋ ነጋዴ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። ብሯን ሰጥቼ ከሄድኩ ይህን ለማን አወራዋለሁ? ነጠላ የሌላት ሴትዮ አስራ ስድስት ወልዳለች፣ ግን ሸጥኳት ልል ነው? የመሰላው ልጅስ፣ ያ ገና ያልገባ እምብርት?

"ሙሴ" አልኳቸው፣ "ለሴቶቹ ነግሬያቸው ልምጣ።"

 ሊቆጡ ይችሉ ነበር፤ አልተቆጡም። ብሯን በባዘቶዋ ጠቅልለው መለሱልኝ። "ባቡሩ ቅዳሜ ነው" አሉ። ስወጣ መኪናዋን በነጩ ጨርቅ ሲሸፍኗት አየሁ። እመለሳለሁ አልኩ በልቤ። ነግሬያቸው፣ ልጁ ላይ ለአንድ ቀን አስሬ፣ ፈትቼ እመለሳለሁ። ሰው ራሱን ሲያታልል እንዴት ዝርዝር ዕቅድ እንደሚያወጣ!

መሰላ ስደርስ ሴትየዋ ደጅ ተቀምጣ ልጁን ፀሐይ ታሞቀዋለች። ብሯን ሳወጣ ልትቀበለኝ እጇን አልዘረጋችም፤ ምናልባት ሌላ ነገር ልጠይቃት የመጣሁ መስሏታል። አጠገቧ ተቀመጥኩና በተሰባበረ ኦሮምኛዬ የሙሴን ወሬ ነገርኳት። ባሏ ከሞተ በኋላ እንደተከናነበች ነገርኳት፤ ራሷን ነቀነቀች፣ የምታውቀው ነገር ነው። አስራ ስድስት መውለዷን ስነግራት ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቀችም። 

"ስንቱ አደገላት?" አለችኝ።

ይህን ሙሴን አልጠየቅኋቸውም። ሐሳቡም አልመጣልኝም ነበር። "አላውቅም" አልኳት።

"አስራ ስድስቱም አያድጉም" አለች። "እኔ ከአራት ይህን ነው ያስቀረልኝ።" ድምጿ ተራ ወሬ እንደሚያወራ ሰው ነበር። "ሐዘን አላየችም የምትሉት ውሸት ነው።"

ደነገጥኩ። ብሯን የሚፈልጓት ሐዘን ስላላየች ነው፤ ሐዘንተኛ ከሆነች ሕፃን ላይ እንዴት ትታሰራለች? ይህችን ሴት ላስደስት መጥቼ ያላትን አንድ ነገር ያፈረስኩባት መሰለኝ። "ልመልሳት?" አልኩ።

"ለምን?" አለች ገርሟት። ብሯን ከእጄ ወስዳ ፊቷን በአውራ ጣቷ ጠረገችው። "አየሻት? ልጅ ሲሞትባት አልተከናነበችም። የቀሩት አሉ፤ ማን ያሳድጋቸዋል? ለባሏ ነው የተከናነበችው፣ ልጆቹ ካደጉ በኋላ። እናት እንዲህ ናት።" ከዚያ ልጁን ጭኗ ላይ አጋደመችና ሆዱን ገለጠችልኝ። "እሰሪው" አለች።

ጡት እየጠባ ዝም ሲል አሰርኩት፤ እንደ ልማዱ ሸናብኝ፣ እናቱም ያኔ ሳቀች። ሙሴ ቅዳሜ ሄዱ። መኪናዋን ለጣቢያው ሹም ሚስት ተዉላት ሲባል ሰምቼ ስንት ቀን ሰው አላነጋገርኩም፤ ሰፊው ብቻ ደስ ብሎት ሰነበተ። ያ ግን ቅናት ነበር እንጂ ጸጸት አልነበረም። ልሽጣት የሚለው ሐሳብ መሰላ ላይ ከልቤ ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላም ሌሎች ገዢዎች መጥተው ነበር፣ ሁሉንም "ልጅ ላይ ናት" እያልኩ መለስኳቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነቴን ነበር።